የጠራው ጠርሙስ

ታቢታ ጆሮዋን ጋኑ አፍ ላይ ደፍታ ስታዳምጥ የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ገብረየስ የሆቴሉን ወጥ ቤት በር በእግሩ ገፍቶ ገባ።

«ምን ይልሻል?» አላት።

ቀና ብላ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «ገና ያንሾካሹካል፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ስለ አብዮቱ እንዳይሆን ብቻ።» በራሱ ቀልድ ሳቀ። ተከትለውት የገቡት ሁለት የአብዮት ጥበቃ አባላትም ሳቁ። ገብረየስ ከመደርደሪያው አንድ ፖም አንስቶ ገመጠ። «ለእሑድ ከዚህ የፖም ጠጅሽ ሁለት ጠርሙስ እፈልጋለሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ቀበሌ አዳራሽ ይዘሽ ትመጫለሽ።»

«ለስንት ሰው ነው?»

«ለሦስት። ለልብስ ሰፊው ለበኃይሉ፣ ለአሮጊቷ ለአበበች፣ ለባልሽ።»

ባሏ ኩማ ከታሰረ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገች ወዲህ ምእመናኑ አራት አምስት እየሆኑ በየቤቱ ይሰበሰባሉ። ነሐሴ 2 ቀን 1974 ዓ.ም. የቀበሌው ጥበቃ የወይዘሮ አበበችን ቤት ከቦ ሦስቱን ወሰዳቸው። ታቢታ በዚያ ሰዓት ሐይቅ ዳር፣ ሆቴሉ ውስጥ ፖም ትጨምቅ ነበር።

«ባለፈው መፈክር በሉ አልኳቸው፣ አሉ» አለ ገብረየስ እያኘከ። «ጡጫ አንሱ አልኳቸው፣ አነሱ። ፈታኋቸው። በሳምንቱ ተመልሰው ሲዘምሩ ያዝኳቸው። በአፋቸው ተጫወቱብኝ። አሁን በጉሮሯቸው ነው የምፈትናቸው። ጴንጤ አስካሪ መጠጥ አይጠጣም፤ አይደል እህት ታቢታ?»

«አይጠጣም።»

«እንግዲህ የጠጣው ጴንጤ አይደለም፤ እዚያው ይፈታል። ያልጠጣው ወደ ወህኒ ቤት ይተላለፋል። ከዚያ በኋላ የኔ ጉዳይ አይደለም።»

«ሰፈሩ ውስጥ አረቄ ሞልቶ የለም እንዴ? ለምን የኔ?»

«አረቄ ማንም ያቀርብለታል። ይሄ የሚስቱ እጅ ነው።» የፖሙን እምብርት ወለሉ ላይ ጣለ። «ከቀረሽ ሦስቱም ይተላለፋሉ። የምታመጪው የሚያሰክረውን ነው። ጭማቂ አመጣለታለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። እኔ ጠጅ ቤት ነው ያደግሁት።»

ወጡ። ታቢታ የፖሙን እምብርት አንስታ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመረች።

ታቢታ በ1936 ዓ.ም. በደጋዋ ጨንቻ ተወለደች። በአሥራ ሁለት ዓመቷ አንዲት ሚስዮናዊት ቤት ለሥራ ገባች። ሰዉ ሚስ ሩት የሚላት ይህች ፈረንጅ በጓሮዋ የፖም ዛፎች ነበሯት። ልጅቷን ከፖም የሚወጡ ሁለት መጠጦች አስተማረቻት፤ አንደኛውን ሳይደር፣ ሁለተኛውን ጁስ ትላቸው ነበር። ሁለቱም ከአንድ ፖምና ከአንድ ጭምቅ ነው የሚወጡት። ልዩነቱ ከተጨመቁ በኋላ በሚደረገው ነው።

ሳይደር እሳት አያይም። ፖሙ ተፈቅፍቆ በአቡጀዲ ይጨመቃል፣ እንደ ወረደ ይቀመጣል። ቡናማ ነው፣ ድፍርስ ነው፣ ከሥሩ ዝቃጭ አለው፣ የፍሬው ጣዕም ሳይጎድል ይገኝበታል። በሁለት ቀን ካልተጠጣ ግን በራሱ ጊዜ መብላላት ይጀምራል። አረፋ ያወጣል። በአሥር ቀን ሰው ያሰክራል። ጁስ ሌላ ነው። በድርብ ሻሽ ይጣራል፣ እሳት ላይ ይጣዳል፣ ጣት የማይችለው ሲሆን አረፋው ይገፈፋል፣ እንደገና ይጣራል፣ በትኩሱ ጠርሙስ ውስጥ ይገባል፣ በቡሽና በሰም ይታሸጋል። ወርቅ መስሎ ይጠራል። ጨለማ ቦታ ከተቀመጠ ዓመት አይነካውም።

«አንዱ ሕያው ነው፣ አንዱ ሞቷል» ትል ነበር ሚስ ሩት። «የሞተ ነገር ኃጢአት አይሠራም።»

ልጅቷ ደግሞ ቆይቶ የተብላላውን መቅመስ ተከልክላ ስለነበር በጆሮ መለየት ለመደች። ሳይደር ያንሾካሹካል። ቡሹ ሲነቀል ይተነፍሳል። ጁስ ዝም ይላል።

በ1958 ዓ.ም. አዋሳ ወርዳ ኩማን አገባች። ኩማ የቡሹሎ ሰው ነው፣ ግንበኛ። እሱ ሲዳምኛ፣ እሷ ጋሞኛ ስለሆነ የሁለቱም ባልሆነው አማርኛ ይነጋገሩ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ኩማ ቃሉን የማያጥፍ፣ ለማንም የማያደላ ሰው ነው ተብሎ በቤተ ክርስቲያኗ ዲያቆን ተደረገ። ግድግዳ ሲሠራ አንድ ጡብ ከቱንቢው ከወጣ ከላዩ ያለውን ሁሉ አፍርሶ ነው የሚጀምረው። በሰውም ላይ እንደዚያው ነበር።

በ1966 አንድ ምእመን ልጁን ሲድር ታቢታ አምስት ጠርሙስ ሳይደር ይዛ ሠርጉ ቤት ሄደች። ከተጨመቀ አንድ ቀን ተኩል ሆኖታል። በጨንቻ ብርድ ሁለት ቀን ምንም አይሆንም። የአዋሳን ሙቀት አላሰበችበትም። ኩማ የመጀመሪያውን ቡሽ ሲነቅል ጠርሙሱ ተነፈሰ፣ አረፋው እጁ ላይ ፈሰሰ። ሙሽሮቹ ፊት ተነሥቶ አምስቱንም ጠርሙሶች አንድ በአንድ መሬት ላይ ዘቀዘቃቸው። በሳምንቱ የተሰበሰበው ጉባኤ ታቢታን ለሦስት ወር ከጌታ ራት አገዳት፣ ከኋላ ወንበር እንድትቀመጥም ወሰነ። ሐሳቡን ያቀረበው ኩማ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሳታፈላ የምትሰጠው ጭማቂ አልነበረም። ሆቴል የተቀጠረችውም በዚያ ሙያዋ ነው። ሆቴሉ ከተወረሰ በኋላ ለመንግሥት እርሻ የመጡ የምሥራቅ ጀርመን ባለሙያዎች ያረፉበት ጀመር። አገራቸው የሚጠጡትን፣ ቆይቶ የሚያሰክረውን የፖም መጠጥ ጠየቁ። ሥራ አስኪያጁ ሥሪ አላት። ኩማ ያኔ ሥራ ፈትቶ ስምንት ወሩ ነበር።

«ሥሪው» አላት ኩማ። «ብቻ አትቅመሺው።»

ሠራችው። ደንበኞቹ የፖም ጠጅ አሉት። ኩማ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጇ ከውሃ በቀር የሚጠጣ ነገር ተቀብሎ አያውቅም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ታቢታ ሁለት ጠርሙሶችን ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። አንደኛው ከሰኔ ጀምሮ የተቀመጠ ጁስ ነው። ሁለተኛውን ከጋኑ የቀዳችው ያን ጊዜ ነው፤ አሥራ አንድ ቀኑ ነበር፣ ድፍርስ ነበር።

የጠራውን ብቻ ይዛ ብትሄድና ያሰክራል ብትል ዋሸች ማለት ነው። ደግሞ ገብረየስ አያምናትም። እሱ የሚያምነው ዓይኑን ነው። ታቢታ ጠጅ ቤት ባታድግም ጠጅ ቤት ያደገ ሰው ምን እንደሚያምን ታውቃለች። ብርዝ ድፍርስ ነው፣ ለልጅ ይሰጣል። ጠጅ ሲበስል ነው የሚጠራው። ይህ ለማር እውነት ነው። ለፖም ተቃራኒው ነው።

ሁለቱንም በጋዜጣ ጠቅልላ ዘንቢል ውስጥ ከተተቻቸው።

እሑድ ሦስት ሰዓት ላይ ገብረየስ ከአዳራሹ ጎን ባለችው ቢሮ ተቀበላት። ጋዜጣውን ገልጦ ጠርሙሶቹን ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣቸው።

«የትኛው ነው የሚያሰክረው?»

«ድፍርሱ ነው» አለች ታቢታ።

«የጠራውስ?»

«ጭማቂ ነው። የተፈላ። ሕፃንም ይጠጣዋል።»

ገብረየስ ጠርሙሶቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው። ከዚያ ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ። «ድፍርሱ! ወይ አንቺ ሴት። እናቴ አርባ ዓመት ጠጅ ጥላለች። ብርዝና ጠጅ የማይለይ ሰው መሰልኩሽ?» የጠራውን ጠርሙስ በሁለት ጣቱ መታ መታ አደረገው። «እንዲህ ኩልል ብሎ የጠራውን ጭማቂ ነው ትይኛለሽ። ባልሽን ልታድኚ ነው፣ ገባኝ። አልቀየምሽም። ግን ይሄን ነው የሚጠጣው።»

«እውነቱን ነው የነገርኩዎት» አለች።

«አዎ አዎ። እናንተ አትዋሹም።»

ጠርሙሶቹን ይዞ ወጣ። ታቢታ ተከተለችው። እስከዚህ ድረስ ያሰበችው ሁሉ ሆኗል።

አዳራሹ ውስጥ ሁለት መቶ ያህል ሰው ነበር። እሑድ ውይይት የቀረ ሰው ከቀበሌ ሱቅ ስኳር አያገኝም። ሦስቱን እስረኞች ከኋላ በር አስገቧቸው። ወይዘሮ አበበች ሰባ ዓመታቸው ነው፣ አንዱ ጥበቃ ክንዳቸውን ይዟል። በኃይሉ ፊቱ አብጧል። ኩማ የውስጥ እግሩ ተገርፎ ስለነበር በጎን በጎኑ ይረግጥ ነበር። ታቢታ ከመድረኩ ሥር ቆመች። ኩማ አያት፤ ወዲያው ዓይኑን ከእሷ ላይ አነሣ።

ገብረየስ ጉዳዩን በአጭሩ አስረዳ። ከዚያ የጠራውን ጠርሙስ ሰም በቢላ ፋቀ፣ ቡሹን በጥርሱ ነቀለው። ድምፅ አልነበረውም። ሦስት ብርጭቆ ቀዳ።

«እማማ፣ ከእርስዎ እንጀምር። ታላቅ ይቅደም።»

ወይዘሮ አበበች ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ያዙት። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ጊዜ ተጎነጩ። ዓይናቸውን ገለጡ። ታቢታን ከመድረኩ ላይ ሆነው አይተዋት ቀሪውን ጨለጡት።

«እንዴት ነው እማማ?»

«ያቃጥላል፣ ልጄ» አሉ ወይዘሮ አበበች።

አዳራሹ ሳቀ። በኃይሉ ሳይጠራ እጁን ዘረጋ። ጠጣ፣ ከንፈሩን ጠረገ፣ ብርጭቆውን መልሶ ዘረጋ። «ድገመኝ።»

ሳቁ ጭብጨባ ሆነ። ከኋላ አንዱ፣ «መጽሐፍ ቅዱሱን አስይዞ ይጠጣል!» አለ። ገብረየስ ራሱ እየሳቀ ደገመለት። ሁለቱን ወደ ጎን አስቆማቸው። ተፈትተዋል።

ኩማ አልሳቀም። ሁለቱን ጓደኞቹን የሚያያቸው ሬሳ እንደሚያይ ሰው ነበር።

«ኩማ» አለ በኃይሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ጠጣው። ምንም የለበትም።»

«ለአንተ የለበትም።»

«ስማኝ፤ ጠጣው ነው የምልህ።» ከዚያ በላይ ማለት አይችልም ነበር። ገብረየስ ሁለት እርምጃ ላይ ቆሟል።

ኩማ ብርጭቆውን ተቀበለ። ወደ አፉ አላስጠጋውም፣ አላሸተተውም። ወደ ታቢታ ዞረ።

«አንቺ ነሽ ያመጣሽው?»

«እኔ ነኝ» አለች። «እኔው ራሴ ነኝ፣ ኩማ። ጠጣው።»

አሥራ ስድስት ዓመት በጋብቻ የኖረች ሚስት ሁለት መቶ ሰው ፊት ከዚህ የበለጠ ልትል አትችልም። አንድም ቀን አውቃ ለእሱ አስካሪ አቅርባ የማታውቅ ሴት ናት፤ እሷ አመጣችው ማለት ጭማቂ ነው ማለት ነው። ኩማ ግን የሰማው ሌላ ነበር።

«የሆቴልሽን መጠጥ» አላት።

እጁን ዘርግቶ ብርጭቆውን ዘቀዘቀው። ጭማቂው ሲሚንቶው ላይ ፈሰሰ። አረፋ አላወጣም።

አንደኛው ጥበቃ በሰደፉ ጀርባውን መታው። ኩማ በጉልበቱ ወደቀ፣ ተነሣ። ገብረየስ መዝገቡ ላይ ስሙን ጻፈ። የተናደደ አይመስልም ነበር፤ አንድ ሰው እንዲቀርለት ይፈልግ ነበር፣ ቀረለት።

«ባልሽ ንቆሻል» አለ ወደ ታቢታ ዞሮ። «ድካምሽ ሜዳ ቀረ። ነይ መድረኩ ላይ ውጪ፣ የሴቶቹን መጠጥ አንቺ ጠጪ። ውለታ ነው፣ ጠንካራውን አላልኩሽም።»

ድፍርሱን ጠርሙስ አነሣ። ቡሹን ሲነቅለው ጠርሙሱ ጮክ ብሎ ተነፈሰ፣ አረፋው በጣቶቹ መሐል ወጥቶ መዝገቡ ላይ ፈሰሰ። ፊተኞቹ ረድፎች ሳቁ። ገብረየስ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ብርዝ እንዲህ ነው፤ ጥሬ ነገር ይጮሃል» አለ። ትልቁን ብርጭቆ ሞላው።

ታቢታ ብርጭቆውን ያዘች። እምቢ ብትል ገብረየስ ይጠይቃል፦ ደካማውን ለምን ፈራችው? ከዚያ የጠራውን ይቀምሰዋል። ወይዘሮ አበበችና በኃይሉ ገና ከበሩ አልወጡም።

ጠጣችው። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ሦስት ዓመት ሠርታው ጣዕሙን አታውቀውም ነበር። እስኪያልቅ አላቆመችም። ኩማ እያያት ነበር። ከዚያ ጥበቃዎቹ በኋላው በር ይዘውት ወጡ።

ወደ ቤት ስትሄድ ፊቷ ይግላል፣ መንገዱ ወደ ግራ ይጎትታታል። ቁርስ አልበላችም ነበር። አንድ አጥር ይዛ ቆመች። ከቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌዎች አንዱ የሆነው አቶ ጌታቸው በብስክሌት ሲያልፍ አያት። ወረደ፣ ቀረብ አለ፣ ትንፋሿን አሸተተ። ምንም ሳይላት ብስክሌቱን እየገፋ ሄደ።

ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ምእመናኑ የሚሰበሰቡበትን ቤት ማንም አልነገራትም።

መስከረም ላይ አቶ ጌታቸው ቤት ሄደች። በር ላይ ቆሞ አነጋገራት።

«ጭማቂ ነበር» አለችው። «ለሦስቱም የቀረበው የተፈላ ጭማቂ ነበር፣ ወንድም ጌታቸው። እኔ የጠጣሁት ነው ሌላው። ይህን ቀበሌው ከሰማ እነ በኃይሉ ተመልሰው ይታሰራሉ፤ ለዚህ ነው ዝም ያልኩት።»

«በኃይሉም እንዲህ ይላል። እሱም ጠጥቷል።»

«እሳቸውስ፣ እህት አበበች?»

«እሳቸውም ጠጥተዋል።»

«ስለዚህ የጠጣ ሰው ቃል አይቆጠርም?»

«ኩማ ለምን አልጠጣም ታዲያ?» አለ አቶ ጌታቸው። «ያንቺን ጭማቂ ከኩማ የበለጠ የሚያውቅ ማን አለ?»

ታቢታ ተመልሳ ወደ መንገዱ ወጣች።

ወይዘሮ አበበች በ1975 ሞቱ፤ ከጌታ ራት እንደታገዱ ነበር። በኃይሉ በ1976 ለብሔራዊ ውትድርና ተመልምሎ ሄደ፤ ከሰሜን አልተመለሰም። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱ ውስጥ ምን እንደነበረ በአፉ ያረጋገጠ ሰው አልቀረም።

ታቢታ ረቡዕና ቅዳሜ ወህኒ ቤት ምግብ ታመላልስ ነበር። ዘበኛው ሳህኑን ተቀብሎ ይገባል፣ ተመልሶ ይወጣል። ሳህኑ እንዳለ፣ ሳይነካ ይመለሳል። «ለሌላ እስረኛ ይስጠው» ትላለች። «ለማንም አትስጥ ብሏል» ይላል ዘበኛው። አሥራ አራት ወር እንደዚህ ሆነ። ምግቡን እበሩ ላይ ለተቀመጡ ሰዎች ትሰጠውና ወደ ሥራዋ ትሄዳለች።

በ1976 ዓ.ም. ጥቅምት፣ አንድ ቅዳሜ፣ ሳህኑ ባዶውን ተመለሰ። በሚቀጥለው ረቡዕም ባዶውን ተመለሰ። መልእክት አልነበረውም። ታቢታ ምክንያቱን አልጠየቀችም፤ ብትጠይቅ እንዳይቆም ፈራች።

ኩማ በታኅሣሥ 1978 ዓ.ም. ተፈታ። ሦስት ዓመት ከአራት ወር ታስሯል። ጥርሶቹ ከፊት ረግፈዋል፣ ግራ እግሩ አይታጠፍም። በመጀመሪያው ሳምንት ምእመናኑ ሁለት ሁለት እየሆኑ መጡ፣ እጁን ሳሙት። አንዱ ከሻሸመኔ ድረስ በእግሩ መጣ። ቤቱ ውስጥ የሚወራው ስለ ጽዋው ነበር። ሁሉ ጠጣ፣ እሱ ግን አፈሰሰው። የገዛ ሚስቱ አቀረበችለት፣ እሱ ግን አፈሰሰው። ታቢታ ለእንግዶቹ ውሃ እያቀረበች ትሰማ ነበር። እሷ እያለች ድምፃቸውን ዝቅ አያደርጉም።

በአሥራ አንደኛው ቀን እንግዳ አልመጣም። ኩማ ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ ውስጥ ተቀምጦ እግሩን ያሽ ነበር። ታቢታ ከጎኑ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

«አንድ ነገር ልንገርህ።»

«ተናገሪ።»

«ያ የጠራው ጠርሙስ ጁስ ነበር።»

ኩማ እግሩን ማሸቱን አላቆመም። «አውቃለሁ» አለ።

አንድ ጋሪ በመንገዱ አለፈ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሁለተኛው ዓመት። ሌሊት ስተኛ ያ አዳራሽ ይመጣብኝ ነበር። ገብረየስ የጠራውን ሲከፍት ድምፅ አልነበረውም። ድፍርሱን ሲከፍት ተነፈሰ። መጀመሪያ ላይ አላስተዋልኩትም። በኋላ ሁልጊዜ የምሰማው እሱን ሆነ።»

«ያኔ ነው ምግቤን መብላት የጀመርከው።»

«ያኔ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልላክህልኝም? አንድ ቃል?»

«ምን ብዬ?»

ታቢታ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። በፖም አሲድ ጣቶቿ ጠቁረዋል። «አሁን ንገራቸው» አለች። «ለጌታቸው ብቻ ንገረው። ከሦስት ዓመት በላይ ሰው አላነጋገረኝም። አንተ ካልክ ያምናሉ።»

«ምን ልበል? ለፖም ጭማቂ ብዬ እግሬን ሰጠሁ ልበል?»

«አላወቅኩም ነበር በል።»

«ውሃም ቢሆን አልጠጣውም ነበር። የሰጡን ለማስካድ ነው።»

«እሺ፣ እንደዚያው በል። ጭማቂ ነበር፣ ቢሆንም አልጠጣሁትም በል። አንተ ምንም አይጎድልብህም።»

ኩማ እግሩን ማሸት ተወ። «ከሻሸመኔ በእግሩ የመጣውን ሰው አይተሽዋል? ወንድሙ ታስሯል። ያን ጽዋ ይዞ ነው የሄደው። ለእሱ ምን ልበለው? ሁለቱ ጭማቂ ጠጥተው ቤታቸው ገቡ፣ እኔ ሚስቴን ስላላመንኩ ነው የታሰርኩት ልበለው?»

«እውነቱ እሱ ነው።»

«አዎ» አለ ኩማ። «እውነቱ እሱ ነው።»

ተነሣ። ግድግዳውን ይዞ ወደ ውስጥ ገባ። በሩ ላይ ሲደርስ ሳይዞር፣ «ይህን ነገር ሁለተኛ በቤቴ እንዳታነሺ» አላት። «ከእኔ አፍ አይወጣም። ካንቺ ቢወጣ የሚያምንሽ የለም።»

ልክ ነበር።

ደርግ ወድቆ ቤተ ክርስቲያኗ በ1983 ዓ.ም. መጨረሻ ስትከፈት በእነዚያ ዓመታት ተሰናክለው የነበሩ ሰዎች አንድ በአንድ እየቀረቡ ንስሐ ገቡ። ለታቢታም ዕድሉ ተሰጣት። አቶ ጌታቸው የምትለውን በወረቀት ጽፎ ሰጣት፤ አራት መስመር ነበር። አስካሪ መጠጥ ጠጥቻለሁ የሚለውን አነበበች። ባሌን ለማሳት አስካሪ መጠጥ አቅርቤያለሁ የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ይሄን አልልም» አለች። «ውሸት ነው።»

«እህት ታቢታ፣ ጉባኤው እየጠበቀ ነው።»

«እሱን ጠይቁት» አለች። ኩማ ከፊት፣ ከሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ ተቀምጧል።

ሁሉም ወደ ኩማ ዞሩ። ኩማ በሁለት እጁ የያዘውን ከዘራ ይመለከት ነበር። አቶ ጌታቸው ጠበቀ። ከዚያ ወረቀቱን ከታቢታ እጅ ተቀብሎ አጠፈው። ታቢታ ወደ ኋላ ወንበር ተመልሳ ተቀመጠች።

በ1984 ዓ.ም. ኩማ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ሆኖ ተመረጠ። በዚያው ዓመት ለጌታ ራት የሚገዛው ጭማቂ በሙቀቱ እየተበላሸ ስላስቸገረ ሽማግሌዎቹ ተነጋግረው ሥራውን ለታቢታ ሰጧት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ሞተችበት እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ የቤተ ክርስቲያኗን የጌታ ራት ጭማቂ የምታፈላው፣ የምታጠልለውና በሰም የምታሽገው እሷ ነበረች። እሷ ግን ከጌታ ራቱ አንድም ቀን አልተሰጣትም።